የሲቢ አንቴና በሞተር ላይ፦ መቁረጫውን አስቀምጥና መጀመሪያ ማሳውን (ግራውንዱን) ፈልግ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። የውጭ እንግዶችን በሞተር እየመራሁ ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ እወስዳለሁ። ከኋላችን ዕቃ የጫነች ላንድክሩዘር ትከተለናለች። ስልክ በየመሀሉ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ እንግዳ ትቶልኝ የሄደውን ሲቢ የሚባል የአጭር ርቀት መነጋገሪያ ሬዲዮ ሞተሬ ላይ ገጠምኩት። መኪናዋ ላይም አንድ አለ። 60 ሳንቲም የምትሆን አንቴና ከኋላ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ክዳን ላይ አስሬያለሁ። ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ መለኪያ (ኤስ ደብሊው አር) ተውሼ ስለካው ቻናል 1 ላይ 3.2፣ ቻናል 40 ላይ 3.4 አነበበ። ከ300 ሜትር በኋላ መኪናዋ አትሰማኝም። አንዱ ጓደኛዬ አንቴናውን ከጫፉ ቁረጠው ይለኛል። ሌላው አምፕሊፋየር ግዛ ይላል። የትኛውን ልስማ? በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት እንግዶች ይዤ እወጣለሁ።»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። መቁረጫውን አስቀምጠው። አምፕሊፋየሩንም እርሳው። ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ የማይኩን ቁልፍ አትጫን። መስማት ምንም አይጎዳም። መናገር ግን ሬዲዮህን ሊያቃጥለው ይችላል።

የላክልኝ ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። አንቴና ከሚገባው በላይ ሲረዝም ንባቡ ቻናል 40 ላይ ከፍ ይላል። ሲያጥር ደግሞ ቻናል 1 ላይ ከፍ ይላል። ያንተ ግን በሁለቱም ጫፍ ከ3 በላይ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ኢምንት ነው። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ርዝመት አይደለም። ወይ ገመዱ ተበላሽቷል፣ ወይ አንቴናው ማሳ የለውም። አንተ ደግሞ ያሰርከው ፕላስቲክ ላይ ነው። እኔ የምጠረጥረው ማሳውን ነው።

ማሳ ስል መካኒኮቻችን የሚሉትን ማለቴ ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ የሚታሰርበት የሞተሩ ብረት። ለመብራትና ለክላክስ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ አንድ ቀጭን ሽቦም ይበቃዋል። ለአንቴና ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ነው። ሲቢ የሚሠራው 27 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው። 40ዎቹ ቻናሎች ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ተደርድረዋል። የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና በተፈጥሮው የሚፈልገው የሞገዱን ሩብ ነው፤ 2 ሜትር ከ75 ሳንቲም ያህል ማለት ነው። እሱም ቢሆን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከሥሩ የተዘረጋው ብረት ነው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም እንደሚባለው፣ ከሥሩ ብረት የሌለው አንቴና ሞገዱን የሚገፋበት አያገኝም። ያኔ የገመዱን ሽፋን፣ ሬዲዮውን፣ አንዳንዴም ማይኩን የያዘ እጅህን እንደ ብረት ሊጠቀምባቸው ይሞክራል። የተላከው ኃይል ከፊሉ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል።

መለኪያህ የሚያሳይህ ይህን ተመላሽ ነው። 1.5 ሲያነብ ከኃይሉ 4 በመቶ ገደማ ይመለሳል። 2 ሲሆን 11 በመቶ፣ 3 ሲሆን 25 በመቶ ነው። እኔ ከ1.5 በታች ሳገኝ ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። በሞተር ላይ እስከ 2 ድረስ እታገሳለሁ። ከ3 በላይ ግን አላስተላልፍም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ያዘጋጀልኝን ገመድ ሳልፈትሽ ገጠምኩ። የጫፉ ሶኬት በሊድ የተበየደ ይመስላል እንጂ የውጩ ሽሩባ ሽቦ አልተያያዘም ነበር። ከአዘዞ ተነስቼ በቆላ ድባ በኩል እስከ ጎርጎራ ድረስ ስናገር ሄድኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ጣና ዳር ስደርስ የሬዲዮው ጀርባ አያስነካም ነበር። የማስተላለፊያው ትራንዚስተር ተቃጥሎ ነበር። አምስት ደቂቃ በቴስተር ብፈትሽ ኖሮ አይደርስም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ሬዲዮም ቢሆን ሳልለካ ቁልፍ አልጫንም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ስለ ሲቢ የሚነገረው ምክር አብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1958 በ23 ቻናል ተጀመረ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የከባድ መኪና ሾፌሮች መነጋገሪያ ሆነ። በ1977 ወደ 40 ቻናል አደገ። ስለዚህ ምክሩ ሰፊ የብረት ጋቢና ያለውን መኪና ታሳቢ ያደረገ ነው። ሞተር ሌላ ነው። እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ላለው ትልቅ የጉዞ ሞተር ለእሱ ተብለው የተሠሩ ሲቢና አንቴና አሉ። ከሌላ ቦታ ያገኘኸውን አንቴና በራስህ ሞተር ላይ ስትገጥም ግን ስሌቱን አንተው ትሠራለህ።

ሁለት ዓይነት አንቴና አለ። አንደኛው የተለመደው ነው፤ ከሥሩ ብረት ይፈልጋል። ሁለተኛው የብረት ወለል ለሌለው ቦታ፣ ለፋይበር ጀልባና ለሞተር ሳይክል የተሠራ ነው። በዚህ በሁለተኛው ገመዱ ራሱ የአንቴናው አካል ነው። ፋብሪካው ለክቶ ይሰጥሃል፤ ብዙ ጊዜ 5 ሜትር ከምናምን ይሆናል። ለሞተር ረዝሞ ስለሚታይ ሰው ይቆርጠዋል። አትቁረጠው። የአንዱን ዓይነት አንቴና ከሌላው ገመድ ጋርም አታጋባ። የተረፈውን ገመድ ደግሞ እንደ ሲባጎ ጥብቅ አድርገህ አትጠቅልል፤ 30 ሳንቲም ያህል ርዝመት ባለው ላላ ስምንት ቁጥር አጥፈህ ከወንበሩ ሥር አስተኛው።

የቱን ትያዝ? ሞተርህ ከኋላው የብረት ፖርቶመጋላ ካለውና እሱም ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ከሆነ፣ እኔ የተለመደውን እመርጣለሁ። ለመጠገን ይቀላል፤ ገመዱ ቢበጠስም ጎንደር ውስጥ ሊተካ ይችላል። የኋላው ክፍል ሁሉ ፕላስቲክ ከሆነና ብረት የምታገኘው ሩቅ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ያዝ።

ርዝመቱ ላይ አትሰስት። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ሰው ግን አጭሯ ታምራለች ብሎ ይገዛታል። 2 ሜትር ከ75 የሚፈልገውን ነገር ወደ 60 ሳንቲም ስታወርደው የጎደለው ርዝመት በጥቅል ሽቦ ይተካል። ጥቅሉ ሬዲዮውን ያታልልልሃል፤ ልኩ የተሟላ ይመስለዋል። ሞገድ የሚረጨው ግን ርዝመቱ ነው። የአጭር አንቴና ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ኃይልን ወደ ሞገድ የሚቀይርበት ሬዚስታንስ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። አጭሯ ላይ ያ ሬዚስታንስ ጥቂት ኦም ብቻ ስለሆነ፣ ከ4 ዋት ኃይልህ ብዙው ጥቅሉንና ደካማውን ማሳ ሲያሞቅ ይቀራል። አምፕሊፋየር ብትጨምርበት የምታሞቀውን ነው የምትጨምረው። የምመክርህ 1 ሜትር ከ20 አካባቢ የሆነ፣ ጥቅሉ ወደ ላይኛው ክፍል ያለ አንቴና ነው። ጫፉ ላይ የሚዞር ማስተካከያ ያለው ከተገኘ የበለጠ ጥሩ፤ መቁረጥ ሳያስፈልግህ ታስተካክለዋለህ። 60 ሳንቲሟን ግን ወዲያው አትጣላት። ማሳውን ሠርተህ እንደገና ለካት። ምናልባት ለቅርብ ርቀት ትበቃህ ይሆናል።

የት ይገጠም? ከኋላ፣ ከፖርቶመጋላው በስተቀኝ፣ ግን በተቻለ መጠን ወደ መሀል ተጠግቶ። ሞተር ላይ የምንወጣው በግራ ነው። አንቴናው በግራ ከቆመ እግርህን ስታዞር ወይ አንቴናውን ትሰብራለህ፣ ወይ ሱሪህ ይያዛል። እውነት ነው፣ በቀኛችን የመንገዱ ዳር ነው። ጭነት የያዘ አህያ አለ፣ የግራር ቅርንጫፍ አለ። መሀል አስጠጋው የምልህ ለዚህ ነው። ከፊት መሪው አካባቢ አትትከለው። ስትናገር አንቴናው ፊትህ አጠገብ መሆን የለበትም። ከኋላህ ሰው ከጫንክም የአንቴናው አካል ከጭንቅላቱ ይራቅ፤ ስታስተላልፍ ማንም አይንካው። ጫፉ ያቃጥላል።

አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ አለ። አንቴና ይበልጥ የሚረጨው ብረቱ ወደ በዛበት አቅጣጫ ነው። ከኋላ በቀኝ ከተገጠመ ወደ ፊትና ወደ ግራ ይበረታል። አንተ ከፊት የምትመራ፣ መኪናዋ ከኋላ የምትከተል ስለሆነ ይህ ትንሽ ይቃረንሃል። መፍትሔው ሞተሩ ላይ ሳይሆን መኪናዋ ላይ ነው። የላንድክሩዘሯን አንቴና ጣሪያው መሀል፣ ረጅሙን አድርገህ ግጠም። ጣሪያው የብረት ላሜራ ስለሆነ የማግኔት መቀመጫ ይይዛል። የእሷ ጆሮ ሲጎላ ያንተ ድካም ይቀንሳል። በሞተሩ ላይ ግን ማግኔት አትሞክር። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ አይይዘውም፤ ቢይዘውም የጎንደር ኮብልስቶን ያራግፈዋል።

ገጠማው ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ተረጋግተህ ሥራው። የአንቴናው መቀመጫ ወፍራም ብረት ይሁን። ፖርቶመጋላው የተቀባ ስለሆነ መቀመጫው የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ ፋቀው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብዙ ሰው በብሎን ስላጠበቀው ብቻ ማሳ ያገኘ ይመስለዋል። ባለ ጥርስ ሮንዴላ አስገባና አጥብቅ፤ ከዚያ እንዳይዝግ ላዩን ግራሶ ቀባው። ከመቀመጫው ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲውም ወደ ኢንጂኑ አካል፣ እንደ መኪና ባትሪ ማሳ ያለ ጠፍጣፋ ሽሩባ ሽቦ እሰር። አጭርና ሰፊ ይሁን። ለዚህ ዓይነት ሞገድ ረጅምና ቀጭን ሽቦ በቴስተር ጥሩ ቢያነብም ማሳ አይሆንም። ካለህ የጎን ሳጥኖች መያዣ ብረቱንም አያይዘው፤ ብረት በጨመርክ ቁጥር ትጠቀማለህ። አንቴናው ሥር ሞላ ጨምርበት። ቅርንጫፍ ሲመታው ይታጠፍና ይመለሳል፤ ያለ ሞላ ግን መቀመጫውን ይገነጥለዋል።

ገመዱ 50 ኦም ይሁን። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭኑ ይበቃል። በዚህ ርዝመት በወፍራሙ የምታተርፈው ነገር እዚህ ግባ አይባልም፤ ገንዘብህን አንቴናው ላይ አውለው። ከማርሚታው አርቀው፣ ይቀልጣል። ከቦቢናውና ከካንዴላ ገመዱ አርቀው፣ ጩኸት ያስገባል። ወንበሩ ሲዘጋ እንዳይጨፈልቀው ተጠንቀቅ። ስትጨርስ ቴስተር አውጣ። የገመዱ የውጭ ሽፋን ከሻንሲው ጋር ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት። የመሀሉ ሽቦ ከአንቴናው ጋር መገናኘት አለበት። አንቴናውን ፈተህ ስትለካ መሀሉና ሽፋኑ መገናኘት የለባቸውም። አንቴናው እንደተገጠመ ከለካህ ግን አንዳንዱ በሥሩ ባለው ጥቅል ምክንያት የተገናኘ ይመስላል፤ አትደንግጥ።

ከዚያ ልኬቱ። ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ አጥር ወይም በግድግዳ አጠገብ አትለካ። ከከተማ ወጣ ብለህ ክፍት ሜዳ ፈልግ። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁም። ራስህ ተቀመጥበት፣ ሳጥኖቹ ይዘጉ፣ ዕቃ ይጫን። በጉዞ ላይ እንደምትሆነው መሆን አለበት፤ ሰውነትህም ንባቡን ይለውጠዋል። መለኪያውን በሬዲዮውና በገመዱ መካከል አስገባ። ቻናል 1፣ 19 እና 40 ላይ ለካ። በእያንዳንዱ ቻናል መጀመሪያ መለኪያውን አስተካክለህ ከዚያ አንብብ። መጀመሪያ ማንም እየተናገረ አለመሆኑን ስማ፤ ቁልፉን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አትያዝ።

40 ላይ ከፍ ካለ አንቴናውን አሳጥር። 1 ላይ ከፍ ካለ አስረዝም። ሦስቱም ላይ ከፍ ካለ ወደ ማሳውና ወደ ገመዱ ተመለስ። ማሳጠር የግድ መቁረጥ ከሆነብህ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትንካ፤ በየመሀሉ ለካ። የተቆረጠ አይቀጠልም። ጓደኛህ ያለህን ያን ቀን አድርገኸው ቢሆን ኖሮ ያለጥፋቱ አንድ ደህና አንቴና ታጣ ነበር።

ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪው ውሰድ፤ ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም። 3 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ አስገባ። ከፍሬቻ ወይም ከመብራት መስመር አትጥለፍ። ሞተሩ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከገባ ከካንዴላው ነው፤ ሬዚስተር ያለው ካንዴላ ግጠም። ነዳጅ ስትሰጥ አብሮ የሚወጣ ፉጨት ካለ ደግሞ ከዲናሞው ነው፤ የኃይል መስመሩን ፈትሽ። የመናገሪያ ቁልፉ በግራ እጅህ፣ መሪው ላይ ይሁን። በድምፅ የሚነሳውን አልመክርም፤ ነፋሱ ይከፍተዋል።

ይህን ሁሉ ብትሠራ ምን ያህል ይሰማል? በደምቢያ ሜዳ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ከሞተር ወደ መኪና 5 ኪሎ ሜትር አግኝቻለሁ። ሊማሊሞ ግን ሊማሊሞ ነው። ጣሊያኖች በገደሉ ላይ የጠመዘዙት መንገድ ነው። አንዱን ጥምዝ ዞረህ ተራራው በመካከላችሁ ሲገባ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ላይሰማ ይችላል። ከዚያ ጥምዙን ስትወጣ ድንገት ይከፈታል። ይህን ምንም አንቴና አይፈታውም። ስለዚህ መልእክትህን ቁልቁል ከመውረድህ በፊት ከላይ ሆነህ ተናገር። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ በምትበረታበት ወቅት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ከሩቅ አገር የማታውቀው ቋንቋ ሲግተለተል ትሰማለህ። ሬዲዮው አልተበላሸም፤ ሞገዱ ከሰማይ እየተንፀባረቀ ነው። ስኩዌልቹን፣ ማለትም ደካማ ድምፅ የሚዘጋውን ማዞሪያ፣ ትንሽ አጥብቅና የእናንተን ሰዎች ጠብቅ።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ እልሃለሁ። ነዳጅ ስትቀዳ አታስተላልፍ። መንገድ በሚሠራበት፣ ድንጋይ በድማሚት በሚፈነዳበት ቦታ ደግሞ ሬዲዮውን ፈጽሞ አጥፋው፤ ፈንጂውን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ዲቶኔተር በሬዲዮ ሞገድ ሊነቃ ይችላል።

እንግዳ ትቶልህ የሄደው ሬዲዮ ፈቃድ እንዳለው አልነገርከኝም። ማስተላለፊያ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ራስህንም እንግዶችህንም ችግር ውስጥ ይከታል። የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው። አንቴና ከመግዛትህ በፊት የሬዲዮውን ሞዴል፣ ፍሪኩዌንሲውንና የዋቱን መጠን ጽፈህ እሱን ጠይቅ። ከተፈቀደልህ ወረቀቱን ከመንጃ ፈቃድህ ጋር ያዘው፤ በየኬላው ይጠይቁሃል። ካልተፈቀደ ሬዲዮውን ፍታው። ለሁለት ለሦስት ሞተር የራስ ቁር ላይ የሚገጠም የብሉቱዝ መነጋገሪያ አለ፤ ርቀቱ አጭር ነው፣ አንቴናም አይፈልግም።

የሚቀጥለው ሳምንት ጉዞህ ለዚህ ሁሉ አይደርስም፤ አትቻኮልበት። ሲቢውን አጥፍተህ ውጣ። ከሾፌሩ ጋር መጠበቂያ ቦታ ተስማሙ፦ ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። በእያንዳንዱ ቦታ መኪናዋ እስክትደርስ ጠብቅ። ከደባርቅ በታች ስትወርዱ ደግሞ መኪናዋን አስቀድማት፤ እንግዶችህ ከኋላዋ ይሁኑ፣ አንተ መጨረሻ ሁን። አንዱ ሞተር ቢቆም መጀመሪያ የምትደርስለት አንተ ትሆናለህ። ስትመለስ ፈቃዱ ከተገኘ ፖርቶመጋላውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ማሳውን የት ብትይዝ እንደሚሻል አብረን እናያለን።